አትሰብሰቡ የምትለው ባጃጅ

ትናንት ሌሊት ገና ዓይኔን ከመክደኔ ከተማችን በአናቷ ቆማ ጠበቀችኝ።

ሕልም መሆኑን ቶሎ አላወቅኩም። ነገሩ የጀመረው እንደ ወትሮው በጋሽ ጓንጉል ባጃጅ ነበራ! ጋሽ ጓንጉልን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። ኮሮና ከመጣ ወዲህ ባጃጁ ጣሪያ ላይ ሞንታርቦ አስሮ «አትሰብሰቡ! ርቀታችሁን ጠብቁ! እጃችሁን ታጠቡ!» እያለ የከተማውን ዜና ያዞራል። ሞንታርቦው ስለሚያፏጭ ከሩቅ አይሰማም። ስለዚህ ሰዉ ምን እንዳለ ለመስማት ከየቤቱ እየሮጠ ይወጣና ባጃጁን ይከበዋል። እኛ ከተማ እንደ «አትሰብሰቡ» ሰው የሚሰበስብ ነገር የለም። ሰርግ እንኳ እንደሱ አይሆንለትም።

ትናንት ማታ ታዲያ አዲስ ዜና ይዞ መጣ። «የእድራችን አባላት በሙሉ! ከእንግዲህ እንዴት እንደማንሰበሰብ ለመወያየት ነገ ጠዋት በእድሩ ድንኳን እንድትሰበሰቡ! የቀረ ይቀጣል!»

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እማዬ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ ለነገ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ያኔ ሳቄ ቆመ።

እማዬ አስም አለባት። ሐኪሙ «ይሄ በሽታ አንቺን ካገኘሽ አይምርሽም፤ ከቤት አትውጪ» ብሏታል። እሷም «እሺ ዶክተር፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብላ ሁለቱንም ጉንጩን ስማው ወጣች። ምን ላድርግ? ሴትየዋ ሰው ሳትስም ማለፍ አይሆንላትም።

«እማዬ፣ ነገ አትሄጂም» አልኳት።

«ብቀር ሰው ምን ይለኛል?»

«ብትሞቺስ ምን ይልሻል?»

«ያኔማ ሁሉም ለቅሶ ይመጣል» አለችኝ፤ ደስ ብሏት።

በክርክር እንደማልችላት ሳውቅ ነጠላዋን ሰርቄ ፍራሼ ስር ከተትኩና ተኛሁበት። እማዬ ያለ ነጠላ እንኳን እድር፣ ከበር ውልፍት አትልም። በብልሃቴ እየኮራሁ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

እንግዲህ በሕልሜ ጋሽ ጓንጉል ባጃጁን አይነዳም። ባጃጁን በጀርባው አዝሎ እያለከለከ ዳገቱን ይወጣል። ባጃጁ ውስጥ አንዲት አህያ ከረባት አስራ፣ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። ማይኩም በሰኮናዎቿ መካከል ነው።

«ጋሽ ጓንጉል፣ ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ተይኝ ልጄ፣ ዛሬ ጭነት በዝቶብኛል።»

አህያዋ በጅራቷ ማጅራቱን ቸብ አደረገችው። «ወሬ ቀንስና ማርሽ ቀይር!»

ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «ውድ አድማጮቻችን፣ የነገን ዜና እናሰማለን። እንደምታውቁት በከተማችን ዜናው ይቀድማል፣ ነገሩ ይከተላል። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ አናፋለሁ። ካናፋሁ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ይሆናል። አቤቱታ አንቀበልም።»

የመጀመሪያው ዜና ስለ ውሃ ነበር። «የከተማው ውሃ ነዋሪዎችን ፍለጋ ቤት ለቤት እየዞረ ስለሆነ በር እንድትከፍቱለት ይለምናችኋል።» እውነትም ቀጭን ጅረት መንገዱን ተሻግሮ መጣና የጎረቤታችንን የእትዬ አሰገደችን በር አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ከውስጥ።

«ውሃ ነኝ። ትንሽ ታጠቢብኝ።»

«ዛሬ አይመቸኝም። በፈረቃህ ና!» ብላ በሩን ድርግም አደረገችበት።

ውሃው ደጃፏ ላይ ተኮራምቶ ተቀመጠ። አላዘንኩለትም። የእኛ ቧንቧ ከፋሲካ ወዲህ ከትንፋሽ በቀር ያወጣው ነገር የለም። «እጃችሁን ታጠቡ» በተባለ ቁጥር ፊሽ ይልብናል።

«ሁለተኛ ዜና» አለች አህያዋ። «ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለቆየ፣ መምህራን ሁሉ ወላጅ ይዘው እንዲመጡ ታዘዋል።» ወዲያው የሒሳብ መምህራችን ቲቸር አይሸሽም አሮጊት እናቱን እጃቸውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ ፊቴ ቆመ።

«የዝና፣ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለኝ።

«እናየዋለን» አልኩት፣ ልክ እሱ እንደሚለኝ ቅንድቤን ሰቅዬ። ይሄ ሕልም እየተመቸኝ መጣ።

«በመጨረሻም» አለች አህያዋ፣ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩት ወይዘሮ ደብሪቱ ከኮሮና ጋር ይሳሳማሉ። ለመላው ቤተሰብ እንኳን ደስ ያላችሁ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እማዬ ናት።

«አንቺ! ይሄኛውን ሰርዢው!» ብዬ ከባጃጁ ስር ስር ሮጥኩ።

«ተነቧል።»

«እናቴ አስም አለባት እኮ!»

«ዜናው ላይ አልተጻፈም። አልተጻፈም ማለት የለባትም።» ጆሮዋን አራገበች። «ኮሮና ከከተማው ለቃ ከወጣች ግን ዜናው በራሱ ይቀራል። እኔ ዳገቱ አናት ላይ ከመድረሴ በፊት ነው ታዲያ።»

ጋሽ ጓንጉል ከባጃጁ ስር ቀና ብሎ ጠቀሰኝ። «እኔ ቀስ እላለሁ፤ አንቺ ሩጪ» አለ በለሆሳስ።

ኮሮና ለይቶ ማቆያ ገብታ ነበር፤ ለይቶ ማቆያው ደግሞ የእኛ ክፍል ነው፣ ሰባተኛ ቢ። በሩ ላይ ነጭ ጋወን የለበሰ በግ የሙቀት መለኪያ ይዞ ቆሟል። መለኪያውን ግንባሬ ላይ ደገነ። አላመነውም መሰለኝ፣ ወገቤንና ጎኔን ዳበስ ዳበስ አደረገኝ፣ ጥርሴን ገልጦ አየ።

«አጥንቷ ብቻ ነው፤ ለበዓል አትሆንም። ትለፍ» አለ።

ኮሮና የእኔ ዴስክ ላይ፣ በእኔ ቦታ ተቀምጣለች። የእግር ኳስ ታክላለች። ሰውነቷ ላይ ሁሉ ቀንድ ቀንድ የሚመስል ነገር በቅሏል። ማስክ በማስክ ላይ ደራርባለች፣ እያንዳንዱ ቀንዷ ላይ ጓንት አጥልቃለች፣ ሳኒታይዘሩን እንደ ሽቶ አንገቷ ስር ትረጫለች።

«ሁለት ሜትር! አትጠጊኝ!» ብላ ጮኸች።

«እናቴን ልትይዢ ነው አሉ።»

«እኔ? እሷን?» ልቅሶዋ መጣ። «አንቺ ልጅ፣ እኔ የምፈራው እሷን አይደለም እንዴ! ሌላ አገር ስሄድ ሰው ይሸሸኛል፣ በር ይዘጋብኛል፣ ክብር አለኝ። እዚህ የገባሁ ዕለት ማን ነሽ ሳይሉኝ ሦስት ቤት አጎረሱኝ። አንዷ “ምነው እንዲህ ከሳሽ” አለችኝ። አንዱ ደግሞ “የማን ልጅ ነሽ” እያለ ሲቆጥር ዘመድ ሆነን አረፍነው። አሁን እድር ግቢ እያሉኝ ነው!»

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?»

«መሸኛ ሳልይዝ የት እሄዳለሁ? ቀበሌ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስብሰባው ስለ ምንድነው ስል ስለ አንቺ ነው አሉኝ። እኔ ደጅ ተሰልፌ ቆሜ!»

አንጀቴን በላችኝ። «ተከተይኝ» አልኳት። ሁለት ሜትር ርቃ ከኋላዬ መንከባለል ጀመረች።

ቀበሌ ስንደርስ ሠራተኞቹ በሙሉ ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ሊቀመንበሩ ፊት ናቸው፤ ፋይላቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ፀሐይ ይከላከላሉ። ቢሮው ውስጥ ባለጉዳዮች ሻይ እየጠጡ ስለ ኳስ ያወራሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም።

«እትዬ የዝና፣ እባክዎን ያስተናግዱን» አሉኝ ሊቀመንበሩ። «ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል። ትናንትም ነገ ተመለሱ ተብለን ነው።»

እትዬ! እኔ! ምላሴን በላኝ።

«ነገ ተመለሱ» አልኳቸው። «ኔትወርክ የለም።»

ሊቀመንበሩ «እሺ እመቤቴ» ብለው እጅ ነሱ። በዚህ ደስታ አንድ ቀን ሙሉ እዚያው መቆም እችል ነበር። ግን ዞር ስል ዳገቱ ታየኝ። ጋሽ ጓንጉል ከግማሽ በላይ ወጥቷል፤ ቀስ ያለው ግን ደክሞት ነው። አህያዋ ድምጿን ለማሟሸት «እህ፣ እህ» ትላለች።

«ኔትወርኩ መጣ! ለዚህች እንግዳ ቶሎ መሸኛ ይጻፍላት!»

ሊቀመንበሩ ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ፎቶ ይዛለች?»

«ፎቶዋ በየግድግዳው አለ» አልኩና ከበሩ ላይ ፖስተሯን ገንጥዬ ሰጠኋቸው።

«ከከተማው የምትለቅበት ምክንያት?»

ወደ ኮሮና ዞርኩ።

«ፍቅር በዛብኝ ብለው ይጻፉ» አለች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

ፈረምኩ፣ ማህተሙን እፍ ብዬ መታሁ፣ ሮጥን። መናኸሪያው ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል፤ ሰው ቀርቶ ሻንጣ የለበትም። ኮሮና የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣች። «ተባረኪ» አለችኝ፤ «ሁለተኛ እዚህ ከተማ አልደርስም።» በሩ ሊዘጋ ሆነ። በቃ፣ እማዬ ተረፈች አልኩ። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ከላዬ ላይ የተገፈፈ መሰለኝና ብርድ ብርድ አለኝ።

«ውይ! ውይ! ውይ! እንዲህ ነው እንዴ የሚኬደው?»

እማዬ ናት። ከራሷ እስከ እግሯ አበባ አበባ ያለው ጨርቅ ተከናንባ፣ በመናኸሪያው በር እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ተመለሽ!»

«እንግዳ ሳይበላ ይሸኛል እንዴ? ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግኩት!»

«እማማ፣ በእግዚአብሔር፣ በልቻለሁ!» ብላ ኮሮና ጮኸች።

«የታለ የበላሽው? ይኸው ሆድሽ ከጀርባሽ ተጣብቆ! ዛሬማ እኔ ጋ ታድሪያለሽ።»

«ሹፌር! ንዳው! ሁለት ሜትር! ሁለት ሜትር!»

የእማዬን ልብስ ጫፍ ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኩ። ጨርቁን የጎተትኩ መስሎኝ ነበር፤ ጨርቁ ግን ከእጄ ሾልኮ ከእሷ ጋር ሄደ። እማዬ ኮሮናን ከደረጃው ላይ እቅፍ አደረገቻት። ጉንጯ የቱ ጋ እንደሆነ ስታጣ ጊዜ ዙሪያዋን ሳመቻት። ቀና ስል ባጃጁ ዳገቱ አናት ላይ ደርሷል። ጋሽ ጓንጉል በጉልበቱ ተንበርክኳል። አህያዋ አፏን ከፈተች። «አይሆንም!» ብዬ ጮህኩ። አናፋች።

ማናፋቷ አልቆም አለ። ዓይኔን ስገልጥ የጋሽ ጓንጉል ሞንታርቦ ነው፤ ከእድሩ ድንኳን በኩል እያፏጨ ይጮኻል። ቤቱ ነግቶበታል። ብርዱ ግን አልለቀቀኝም። እጄን ፍራሼ ስር ሰደድኩ፤ ነጠላው እንዳስቀመጥኩት አለ። «እፎይ» ብዬ ልሸፋፈን ስል የምሸፋፈነው ነገር የለም።

አንሶላዬ! አበባ አበባ ያለው አንሶላዬ!

የእማዬ አልጋ ባዶ ነው። ማስኳ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። መንጭቄው በነጠላ ጫማ እየተደናቀፍኩ ሮጥኩ።

ድንኳኑ ሰው ጢም ብሎበታል። አግዳሚው ሞልቶ፣ ድንጋዩ ሞልቶ፣ የቀረው ትከሻ ለትከሻ ተደግፎ ቆሟል። እማዬ መሐል ላይ፣ አንሶላዬን እንደ ነጠላ አጣፍታ፣ እትዬ አሰገደችን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እማዬ! ማስክሽን!» ብዬ ከውጭ ጮህኩ።

«ምን አለች?» አለ አንዱ።

«አይሰማም!» አለ ሌላው። «ሞንታርቦው ነው!»

ጋሽ ጓንጉል ማይኩን ሁለት ጊዜ እፍ እፍ አለበት። «እሺ፣ አትሰብሰቡ የሚለውን መመሪያ ላነብ ነው። ከኋላ ያላችሁ አይሰማችሁም መሰለኝ። እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉ!»

እማዬ ማስኩን ይዤ እጄን ሳወዛውዝ ሰላምታ መሰላት። ፊቷ በራ። አንሶላዬን አፏ ላይ አድርጋ «ኡሁ» ብላ አንድ ጊዜ ሳለች፤ «አቧራው ነው» አለች ለእትዬ አሰገደች። ከዚያ ከጎኗ ያለውን አግዳሚ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«ነይ የዝና፣ ቦታ አለ! ልጄ ናት፣ ጠጋ በሉላት!»

ሰፈሩ በሙሉ ጠጋ አለልኝ።