የበር ማጠፊያ፦ ክፍል አራት

ጦማሪ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ የማያልቅበት ሰው አይጠፋም። ሌላው በወር አንዴ አምጦ አንዲት ገጽ ሲወልድ፣ እሱ ከቁርስ በፊት አንድ፣ ከምሳ በኋላ ሁለት ለጥፎ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ "ጠዋት ያልኩትን ላብራራ" ብሎ ይመለሳል። የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው።

ስድስት ጦማርያን ባሉበት በአንድ ማኅበር ይህን ሥልጣን የያዙት አንድ ቁልፍ ቀራጭ ነበሩ። ፊት ለፊት "ጋሼ" ይሏቸዋል፤ ዞር ሲሉ ግን "ክቡር ሊቀ ጦማር"። ክቡርነታቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ድመት የመስማት ችሎታ፣ ስለ ጫማ ክር አስተሳሰር፣ ስለ ጨረቃ ግርዶሽ፣ ሽንኩርት ለምን እንደሚያስለቅስና ስለ ውርስ ሕግ ጽፈዋል። ስለ በር ማጠፊያ ብቻ ሦስት ክፍል አላቸው። ሦስተኛው ክፍል የሚያልቀው "ርእሱ ገና አልተነካም" በሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ይህ አልበቃ ብሎ የሰውንም ጽሑፍ ያነባሉ። ከአባላቱ አንዱ የሆነች ነገር ለጥፎ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የክቡርነታቸው አስተያየት ከሥሩ ይደርሳል፤ አጀማመሩም አንድ ነው፦ "ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር።" ከዚያ አሥራ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ከአባላቱ አንዷ የሆነችው ፋርማሲስት ስለ ሳል ሽሮፕ አወሳሰድ በጻፈች ቀን የማንኪያን ታሪክ ከጥንት ጀምረው አስተምረዋታል። ማንኪያው ከሽሮፑ የበለጠ አንባቢ አገኘ፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችላቸውም።

ጉዱን የሠራችውም ይቺው ፋርማሲስት ናት። ክቡርነታቸው ወደ ሦስት ሺኛው ጽሑፋቸው ሲቃረቡ፣ ማኅበሩ "ጓደኞቻቸው ስለ እሳቸው ምን ይላሉ?" የሚል የደስታ መግለጫ በጋራ ገጹ ላይ እንዲወጣ ወሰነና አሰባሳቢነቱን ለእሷ ሰጣት። አባላቱ መጀመሪያ የላኩላት ለእርስ በርስ ሳቅ የሚሆነውን ነበር። የሒሳብ መምህሩ፣ "አንድ ቀን ዝም ካሉ እንዳትደነግጡ፤ ስለ ዝምታ እያጠኑ ነው" ብሎ ጻፈ። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ስለ አዝራር የጻፉትን አንብባ እስክትጨርስ ደንበኛዋ ልብሱን ትቶላት እንደሄደ ተናገረች። ፋርማሲስቷም ከማን አንሼ ብላ፣ "ክፍል ሦስት ላይ ዘይት ጠጥታ ስለ ሰከረችው በር ያወሩት ቀልድ ከበሯ የባሰ ሲጢጥ ይላል። ክፍል አራትን በመጠበቅ እንቅልፍ አጥተናል" የሚል አከለችበት።

የሚወጣው ግን ሌላ ነበር፤ "ታታሪ"፣ "ሁለገብ"፣ "የዕውቀት ምንጭ" የሚሉ ቃላት የተደረደሩበት፣ በጡረታ ሽኝት ላይ የሚነበብ ዓይነት። ሁለቱ ረቂቆች በገጹ ማስቀመጫ ውስጥ በአንድ ርእስ፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተቀምጠዋል። በዕለቱ መድኃኒት ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለ ነበር፣ ፋርማሲስቷ በአንድ እጇ የደም ግፊት ክኒን እየቆጠረች በሌላው "ለጥፍ" የሚለውን ተጫነች። ከሩብ ሰዓት በኋላ መምህሩ ደወለ።

"የትኛውን ነው ያወጣሽው?" አላት።

ክኒኑን እንዳለ ትታ ገጹን ስትከፍት ክው አለች። ወዲያው ሰረዘችው። ነገር ግን ገጹ አዲስ የወጣውን ሁሉ ለተመዘገቡ አንባቢዎች በኢሜይል ይልካል። የተመዘገቡት ሦስት ናቸው፤ አንደኛው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በዚያ ቀን ከክቡርነታቸው አንዲት መስመር አልወጣችም። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ስለ ዚፕ ጻፈች፤ ከሥሩ ማንም ምንም ሳይል ዋለ። መምህሩ የቼዝ ጽሑፉን ለጥፎ ገጹን ሲከፍትና ሲዘጋ አመሸ፤ በኋላም ለፋርማሲስቷ ደውሎ ገጹ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቃት። ገጹ ደህና ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ከነከናትና የክቡርነታቸውን ገጽ ከፍታ ወደ ታች መውረድ ጀመረች። ግርዶሹን አለፈች፣ ድመቷን አለፈች፣ ሦስቱንም የማጠፊያ ክፍሎች አለፈች። ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ጽሑፍ፤ የአስተያየት ሳጥኑ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። የእሷ ስም የለም፣ የመምህሩም የለም። ሰውየው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁሉም ጋ ሲደርሱ፣ እሳቸው ጋ ብቅ ያለ ሰው አልነበረም። አፈረች፤ በእሷ ምክንያት መጻፍ ቢያቆሙ ራሷን ይቅር እንደማትል ታወቃት።

በአምስተኛው ቀን ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ሱቃቸው ሄደች። ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ነው። ግድግዳው ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በረድፍ ተሰቅለዋል፤ ኮምፒዩተሩ ከመቅረጫው አጠገብ የነሐስ ብናኝ ለብሷል። አንድ ሰው ቁልፉ እስኪደርስለት ስለ አማቱ የጉልበት ሕመም ያወራል፤ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ መቼ እንደሚብስባቸው እየጠየቁ በጥሞና ይሰማሉ። ያ ሁሉ ርእስ ከየት እንደሚመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባት።

ሰውየው ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው ንግግር ጠፋባት።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። "መጻፍ እንዳይተዉብን ብዬ ነው የመጣሁት።"

ክቡርነታቸው ከመሳቢያ አንድ የታተመ ወረቀት አወጡ። ያ የተሰረዘው ጽሑፍ ነበር፤ ግማሹ በቀይ ተሰምሮበታል።

"የበሯን ነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ክፍል ሦስት፣ መጨረሻው አካባቢ ናት እኮ። እዚያ ድረስ የሚያነብ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።" ወረቀቱን በመዳፋቸው አስተካከሉት። "ልብስ ሰፊዋም አዝራሩን እስከ መጨረሻው አንብባዋለች። እኔ ለራሴ የማወራ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ስታነቡኝ ኖራችኋል።"

ፋርማሲስቷ አልተቀየሙኝም ወይ ብላ ጠየቀች።

"ተቀይሜያለሁ እንጂ። የእኔዋ የበር ቀልድ ጥሩ ቀልድ ናት።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ዝም ያሉት?"

"ክፍል አራትን ጠየቃችሁኝ አይደል?" አሉ፣ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው እያወረዱ። "አንባቢ ሲጠይቅ በጥድፊያ አይጻፍም።"

ሦስት ሺኛው ጽሑፍ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ርዝመቱ የሦስቱን ክፍሎች ድምር ያህላል፤ የሰከረችው በርም ተመልሳ መጥታለች፣ አሁን ግን ከነባሏ። ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው ኋላ ቆማ፣ ደንበኛ በመጣ ቁጥር እያቋረጠች፣ አንድ አንቀጽ ሳትዘል ጨረሰችው። ከዚያ ባዶው ሳጥን ውስጥ፣ ከማንም ቀድማ፣ "ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር" ብላ ጻፈችና፣ የሚጨመር ነገር ፍለጋ ሄዳ የመድኃኒት ቤቱን በር ከፈት ዘጋ ታደርግ ጀመር።