ቴንኪው ከቤት ሊያስወጣኝ ሲል

ሐበሻ ካመሰገናችሁ ሻንጣውን ተመልከቱ! ሌባ ነው ማለቴ አይደለም... ሊሄድ ነው ማለቴ ነው።

እስቲ አስቡት፤ አብረን እየኖርን ማን ማንን ያመሰግናል? ጎረቤታችሁን «አመሰግናለሁ» ብትሉት «ምነው፣ ባዳ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይቀየማችኋል። ቢበዛ «እግዜር ይስጥልኝ» እንልና ውለታውን ለእግዜር አስተላልፈን መንገዳችንን እንቀጥላለን። እሱ እንደሚመቸው ያድርገዋ!

እኛ ኬንያ፣ ኢስትሊ የሚባለው የስደተኛ ሰፈር የምንኖረው ደግሞ ብሰናል። እዚህ ሰው ሁሉ «ፕሮሰስ» ላይ ነው፤ ገሚሱ ካናዳ፣ ገሚሱ አውስትራሊያ እስኪጠራው ይጠብቃል። ፕሮሰሱ የት እንደደረሰ ግን ማንም አይናገርም። ለሚስቱ እንኳ የማይነግር አለ፤ ዓይን ያርፍበታላ! የበረራው ቀን ሲቃረብ ብቻ ቤት ለቤት ይዞርና «ላደረጋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ» ይላል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ፎቶውን ነው። ስለዚህ ኢስትሊ ውስጥ ምስጋና ከአውሮፕላን ቲኬት የበለጠ ይታመናል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው እንግሊዝኛ ልማር ብዬ የተነሳሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ!

አስተማሪያችን ሚስስ ዋምቡዪ የሚባሉ ኬንያዊት ናቸው፤ መሃል ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩናል። አንድ ቀን ትምህርቱን በሙሉ ለ«ቴንኪው» ሰጡት። ሲሰጧችሁ ቴንኪው፤ አልፈልግም ስትሉ ኖ ቴንኪው፤ ከማታቱ ታክሲ ስትወርዱ ቴንኪው፤ ሰው አፉን እንዲይዝላችሁ ስትፈልጉ ደግሞ ኮስተር ብላችሁ ቴንኪው! ይታያችሁ... አንድ ቃል ይህን ሁሉ ሥራ ሲሠራ እኛ ፕሮሰስ እንጠብቃለን ብለን እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠናል።

«በዚህ ሳምንት ደግ የሠሩላችሁን ሁሉ፣ በገዛ ቋንቋችሁም ቢሆን፣ እያመሰገናችሁ ተለማመዱ» አሉን። እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ ነኝ... ምነው ሰነፍ በሆንኩ ኖሮ!

ከቤት ጀመርኩ።

«ጽጌ፣ ለሽሮው አመሰግናለሁ።»

ባለቤቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። «ምን አጠፋህ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል? ሽሮ እኮ ነው!»

ቀጥዬ ጎረቤታችን ጋሽ ታፈሰ ዘንድ ሄድኩ፤ ሬዲዮናችን በተበላሸ ቁጥር የሚጠግኑልን እሳቸው ናቸው። «እስከ ዛሬ ላደረጉልን ሁሉ አመሰግናለሁ» ስላቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እሰይ! እሰይ ልጄ!» ብለው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ምስጋና እንዲህ ሰው የሚያስደስት ከሆነ ብዬ ወደ አከራያችን ወደ እትዬ ብርነሽ ወረድኩ። እትዬ ብርነሽ ፎቁን በሙሉ ከአንድ ሶማሌ ተከራይተው ክፍል በክፍል ለእኛ ያከራያሉ፤ ምድር ቤቱን ደግሞ ምግብ ቤት አድርገውታል። አመስግኜ ሳልጨርስ ግንባሬን ሳሙኝ።

በማግስቱ ጋሽ ታፈሰ አንድ ፌስታል በርበሬ ይዘው መጡ።

«ለእህቴ ነው፤ ቶሮንቶ።»

«እኔ ቶሮንቶ ምን እሠራለሁ?»

«አውስትራሊያ ነው እንዴ? ግድ የለም፣ ከዚያ በፖስታ ትልክላታለህ።»

«ኧረ ጋሽ ታፈሰ፣ እኔ የትም አልሄድም!»

«ገባኝ...» ብለው ጠቀሱኝ። «አይነገርም።»

አያችሁልኝ? የሚሄደውም ሰው «የትም አልሄድም» ነው የሚለው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲሉ ምን ነበር ብሰማ!

ጽጌ ወሬውን ከገበያ ይዛው ተመለሰች። «ብቻህን?» አለችኝና ሽሮው ትዝ ብሏት ማልቀስ ጀመረች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እዚህ ላይ ሳቄ ጠፋ። ብምል ብገዘት ማን ሰምቶኝ! በስንት መከራ አሳምኛት እንባዋን ስትጠርግ በሩ ተንኳኳ። ከስደተኞች ካምፕ ገና የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ናቸው።

«ይቅርታ፣ የመስኮቱን ስፋት ልለካ ነው፤ ለመጋረጃ» አለች ሚስትየዋ። ባልየው በዓይኑ የእኛን አልጋ አስወጥቶ የራሱን እያስገባ ነበር። እትዬ ብርነሽ ክፍላችንን ከቅዳሜ ጀምሮ ሰጥተዋቸዋል! ሲወጡም «ስለለቀቃችሁልን በጣም እናመሰግናለን» አሉን። እነሱስ የምራቸውን ነው!

ኢስትሊ ውስጥ በሩ የሚቆለፍ፣ ውሃ አልፎ አልፎ የሚመጣበት ክፍል ከማግኘት ካናዳ መግባት ይቀላል። ከዚህ ከወጣን መውደቂያ የለንም።

ተንደርድሬ ልወርድ ስል ጽጌ ያዘችኝ። «አልሄድም ብትል ማን ያምንሃል? ሊሄድ የተነሳ ሰው የማያደርገው ነገር ምንድን ነው?»

«ምን?»

«በቤቱ አይነጫነጭም!»

እውነቷን ነው። ቶሮንቶ የሚገባ ሰው የኢስትሊ ቧንቧ ቢንጠባጠብ ምን ገዶት!

በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቱ መሃል ቆምኩ፤ ጽጌም ከኋላዬ። «እትዬ ብርነሽ! ያ ቧንቧ እስከ መቼ ነው የሚንጠባጠበው? ጣራውስ? ዝናብ ሲመጣ ጥላ ይዤ ልተኛ ነው?»

«ፖሌ ፖሌ! ቀስ በል እንጂ፣ ሰው እየበላ ነው!»

«ለገና እንግዳ ጠርቻለሁ! ግድግዳው ካልተቀባ አንላቀቅም!»

ተመጋቢው ሁሉ እጁን ከትሪው አነሳ። እትዬ ብርነሽ ወገባቸውን ይዘው አፈጠጡብኝ። «ለገና እዚሁ ነህ?»

«ለፋሲካም!»

«ኪሌሌሽዋ ከሀብታሞቹ ሰፈር ቪላ ያከራየሁህ መሰለህ እንዴ?» አሉና እንደ መተከዝ አሉ። «እነዚያን ልጆች ታዲያ ምን ላድርጋቸው? በል እሺ፣ ዕቃ ቤቱን አስጸድቼ እነሱን እዚያ አስገባቸዋለሁ። ክፍልህም ያንተው ነው።»

ይህን ብለው አፍ አፌን ያዩኝ ጀመር። ምስጋናው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል... ጽጌ እግሬን ረገጠችኝ። ዋጥኩት።

«ምነው፣ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አይባልም?»

«ቧንቧው መቼ ነው የሚሠራው?» አልኳቸው።

እትዬ ብርነሽ ወደ ተመጋቢው ዞረው ሳቃቸውን ለቀቁት።

«ምስጋና ቢስ! አሁን አመንኩ፤ ይሄስ የትም አይሄድም!»