ሰባ ሁለቱ ካርዶች

የሕክምና ኮሌጃችን ዲን አርቆ አሳቢነት ለትውልድ ሊነገር ይገባል። ተማሪዎች ሁለት ዓመት ሙሉ የሰውነትን አሠራር እያጠኑ ጊዜያቸውን በከንቱ ማባከናቸውን የደረሱበት እሳቸው ናቸው። «ሹፌር ለመንዳት ሞተር መፍታት አያስፈልገውም!» አሉ በጉባኤ። ተጨበጨበ። ሐኪም ሹፌሩ ይሁን መካኒኩ ለመጠየቅ ሰዓት አልበቃም።

መሠረታዊ ሳይንስ ተሰረዘ። በምትኩ በላስቲክ የተለበጡ ሰባ ሁለት ካርዶች ታደሉ፤ በአንድ ገጽ ሕመሙ፣ በሌላው ትእዛዙ። ቤተ ሙከራው የስብሰባ አዳራሽ ሆነ፤ ማይክሮስኮፖቹም ወረቀት እንዳይበር መጫኛ ሆነው ተመደቡ።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን የተጣሉትን መጻሕፍት ስታነብ ተያዘች። ክፍል ውስጥም «ለምን?» እያለች መምህራንን ታስቸግራለች ተባለ። ትባረር እንደሆነ ለመወሰን ኮሚቴው በዲኑ ሰብሳቢነት ተቀመጠ፤ እሷም ቀረበች።

ስብሰባው ምሳ ሰዓትን አልፎ ቀጠለ። ዲኑ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ኢንሱሊናቸውን በሰዓቱ ተወግተዋል፤ ምሳቸውን ግን ለአጀንዳው ሠውተዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላብ በላብ ሆኑ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ተከሳሿንም «እማዬ» ብለው ጠሯት።

«ካርድ አርባ አንድ!» ብሎ ጮኸ የኮሚቴው ጸሐፊ፣ የካርዱ ትምህርት የመጀመሪያ ምሩቅ ሐኪም።

«ምን ይላል?» አሉ አንድ የኮሚቴ አባል።

«ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር ክልክል ነው!»

«በል እንግዲህ፣ ያንን ለስላሳ ከፊታቸው አንሣ!»

ተማሪዋ ቀድማው ጠርሙሱን አነሣች። «ኢንሱሊኑ ደማቸው ውስጥ ያለውን ስኳር አውርዶታል! ዞር በሉልኝ!»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውዬውን ልትገድያቸው ነው?»

«ጋሼ፣ ይጠጡ። አንዴ ይጎንጩ። እንደሱ… አሁንም ይድገሙልኝ።»

በሩብ ሰዓት ውስጥ ዲኑ መጀመሪያ ማዕረጋቸውን አስታወሱ፣ ቀጥሎ ስማቸውን።

«የት ደርሰን ነበር?»

«ክቡር ዲን፣ ተማሪዋ በዚህ መሀል ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር አጠጥታለች» አለ ጸሐፊው።

«ለማን?»

«ለእርስዎ።»

ዲኑ ካርዱን ተቀብለው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ፊታቸው በድንጋጤ ገረጣ።

«ተርፌያለሁ በሉኛ!»

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። የማባረሪያውን ደብዳቤ ዲኑ እዚያው ፈረሙ። ቃለ ጉባኤውን ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በዚያ ዓመት እንደዚህ ጥርት ብሎ የተጻፈ ፊርማ የላቸውም።