ለብርድ ይሄ ሁሉ ብርቱካን?

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እስክሪብቶውን ትቼ መርፌ ነው የያዝኩት። ሰው ፊት መናገርም አልችልም፤ ሰላም ሲሉኝ እንኳን ጫማዬን ነው የማየው። ወረቀት ግን አፍጥጦ ስለማያየኝ ደፍሬዋለሁ።

እኛ ሰፈር አንድ ነገር አለ፤ እናንተም ሰፈር ሳይኖር አይቀርም። ሰው ሲታመም በሽታው ለሁሉም ይነገራል፣ ለታማሚው ብቻ አይነገርም። ባለሱቁ ያውቃል፣ የእድሩ ጸሐፊ ያውቃል፤ አልጋው ላይ የተኛው ሰው ግን ምን እንደያዘው የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው፣ ያውም ከሰማ። ይሄን ደግሞ ፍቅር እንለዋለን። ፍቅር ነውም፣ አልዋሽም። በቃ፣ ፈሪ ፍቅር ነው።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ናት። ካዛንቺስ ውስጥ አብረን ልብስ እንጠግናለን። እኔ ፊደል ስቆጥር የጡት ካንሰር ይዟት፣ አንድ ጡቷን አስወጥታ ድናለች። አምና ለክትትል ሄዳ ራጅ ስትነሳ ሳንባዋ ላይ ሌላ ነገር ታየ። ውጤቱን የተቀበለው አብሮን የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ፣ ጋሼ ተካ ነው። የበፊቱ ተመልሶ አይደለም፤ አዲስ የሳንባ ካንሰር ነው፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ትሁን ተብሏል። ጋሼ ወረቀቱን ሸሸገና ቤተሰቡን ሰበሰበ።

«ሁለት ካንሰር የያዘው ሰው አይተርፍም። ለምን እናሰቃያታለን? ብርድ ነው በሏትና በሰላም ትቀመጥ» አለ። እያለቀሰ ነው ያለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ማንም አልተቃወመም። እኔም ጫማዬን አየሁ።

ከዚያ ጠያቂ ጎረፈ። የሰፈሩ ግማሽ ሲፈርስ ርቀው የሄዱት ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ ሁለት ታክሲ እየቀየሩ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው መጡ። በር ላይ «ሲጋራ አፏን ሳይነካ ሳንባዋን እንዴት?» ይንሾካሾካሉ፤ ሲገቡ «አይዞሽ፣ ብርድ ነው» ይላሉ፣ ዓይናቸው ቀልቶ።

እቴቴ ፌስታሉን አየችና «ለብርድ ይሄ ሁሉ ብርቱካን? ጡቴን ስቆረጥ እንኳን ሙዝ ነበር ያመጣችሁልኝ!» አለች።

ሁሉም ሳቀ። አንዷ ልታለቅስ ወደ ውጭ ወጣች።

እቴቴ የማንንም ልብስ የስፌት መኪናው ላይ ከማውጣቷ በፊት ኪሱን ትፈትሻለች፤ የተረሳ ሳንቲም መርፌ ይሰብራል። አንድ ጠዋት የጋሼ ኮት ገበሩ ተተርትሮ ለስፌት መጣ። እጇን ወደ ውስጥ ኪሱ ብትሰድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። እንግሊዝኛ አታነብም። «ካንሰር» የሚለውን ግን ከድሮ ካርዷ ላይ ስንት ዓመት አይታዋለች። ስሟንም አየች። ቀኑንም አየች።

«ተካ! ና እስቲ ወዲህ!»

ጋሼ መጣ። ወረቀቱን እጇ ላይ አየው።

«ማነው የታመመው? አንተ ነህ እኔ?»

«እቴቴ… ሁለት ሲሆንብሽ ጊዜ…»

«አንደኛውን ሸኝቼዋለሁ! ሁለተኛው ከማን ጋር እንደሚጣላ ጠይቆ አይመጣም ነበር?» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ፣ ነጠላዬን አቀብይኝ። ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሄድን። ዶክተሯ አንድ ሰዓት ሙሉ ተጠየቀች። «ቀድሞ ሌላ ስለነበረብዎት ብቻ አይተርፉም ማለት አይደለም፣ እናቴ። ይሄኛው ገና ትንሽ ነው፣ አልተሰራጨም። እንዲያውም በጡትዎ ምክንያት ባይመጡ ኖሮ ማን ያየው ነበር?» አለቻት።

ከሳንባዋ ቆርጠው አወጡላት። ነገን ዶክተሯም አታውቅም፤ ክትትሉ ቀጥሏል። ግን ይኸው ዓመት አለፈ። እቴቴ ደረጃ ስትወጣ ቆም ብላ ታርፋለች። ስትሳደብ አታርፍም።

ጋሼን መጀመሪያ ዘመዱ ሁሉ «ምስጢር በኪሱ የሚረሳ ዝርክርክ!» እያለ ወረደበት። እሷ እየዳነች ስትመጣ ግን ወሬው ተለወጠ። አሁን ጋሼ እድር ላይ «ወረቀቱን አውቄ ነው ኪሴ የተውኩት፣ በዘዴ ነው» ይላል። ሽማግሌዎቹ ይመርቁታል። እሱም ራሱን አሳምኗል መሰለኝ።

እኔም ዝም ብያለሁ፤ ለእቴቴ እንኳን አልነገርኳትም። ጋሼ ግን ምንም አልረሳም፣ ምንም ዘዴም አልነበረውም። ወረቀቱን ከፍራሹ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኪሱ ውስጥ የከተትኩትም እኔ ነኝ። ያ ገበር ደግሞ ምንም አልነበረበትም፤ ሌሊቱን ሙሉ አፌ እምቢ ቢለኝ፣ ጠዋት በምላጭ ተረተርኩት።