ችካል የማይተከልበት ግጥሚያ

ጎል የሚወድ ሰው ክፉ ሰው ነው። አትቆጡኝ፣ አስረዳለሁ። ጎል ማለት የአንዱ ደጅ ተደፍሮ ሌላው ሲጨፍር ማለት አይደለም እንዴ? በረኛው አፈር ልሶ ሲነሳ እናንተ ከማታውቁት ሰው ጋር ትተቃቀፋላችሁ። እኔ ግን የተከላካይ ወዳጅ ነኝ። ተከላካይ የሰው አይፈልግም፣ የራሱንም አያስነካም። ጨዋ ፍጡር ነው። በወጣትነቴ የኋላ መስመር ተጫዋች ነበርኩ እያልኩ ማውራት እንደምወድ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ይህን በሰማች ቁጥር "እውነቱን ነው፣ ከሁሉም ኋላ ነበር። ከመስመሩ ውጭ ቁጭ ብሎ የተጫዋቾቹን ልብስ ይጠብቅ ነበር" እያለች ታርመኛለች። የሚስት ምስክርነት በዚህ ዓምድ ላይ ተቀባይነት የለውም።

ታዲያ የፊታችን እሁድ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ሠርግ ነው። በዙሪያችን ከተሞች የጥሎ ማለፍ ውድድር ቡራዩ ከሰበታ ይገናኛሉ። ያሸነፈው ለዋንጫ ሱሉልታን ይገጥማል። ሱሉልታ ቀድሞ አልፎ በዚያ ብርዱ ጋቢውን ደርቦ እየጠበቀ ነው።

ሁለቱም ቡድኖች በዚህ ውድድር ጎል ገብቶባቸው አያውቅም። የእኛን የቡራዩን ቡድን ደጋፊው "ግድቡ" ይለዋል፤ ገፈርሳ ውኃውን እንደሚይዝ እነሱም ኳሱን ይይዛሉ። የመሐል ተከላካያችን የብረት በር ብየዳ ቤት አለው። ሜዳ ላይም ሙያውን አልቀየረም፣ አጥቂ ሲመጣበት ይዘጋዋል። የሰበታው ቡድን ደግሞ "አጥሩ" ይባላል። ሰበታ ውስጥ ከፋብሪካ የሚበዛ ነገር ቢኖር የፋብሪካ አጥር ነውና ስሙ ተስማምቶታል። በረኛቸው ባለፈው ጨዋታ ኳስ ስላልመጣለት ከዝናቡ ሊጠለል ዛፍ ሥር ሄዶ ቆመ ይባላል፣ የናፈቀውም ሰው አልነበረም። አጥቂስ? እኛ አንድ አጥቂ አለን። እሱም የሚሰለፈው አሥር ሰው ይዞ መግባት ስለማያምር ነው።

ጊዜውን ግን ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባን ወደ እኛ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ከተነሳ ወዲህ ዙሪያችን እረፍት የለውም። አንድ ቀን መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ታክሲ አይወጣም፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁሉም ነገር ደህና ይመስልና ያ ቀን ከሁሉም ይበልጥ ያስፈራል። ልጁ የት እንደታሰረ የማያውቅ አባት አለ። ለቅሶ የተቀመጠ ቤት አለ። ትልቁ ሜዳም ተዘግቷል። ግጥሚያው ሊቀር ነው ሲባል የደረሱልን ኦቦ ለሜሳ ናቸው። ኦቦ ለሜሳ ከገፈርሳ ወዲህ ካለው ዳገት ሥር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ነው ያረሱት። ከመሬታቸው ከፊሉ ለመንገድ ሄደ፣ ከፊሉ ለመኖሪያ ቤት ሄደ። የቀራቸው ጥቂት እርሻና ከብቶቻቸው የሚግጡባት አንዲት ሜዳ ናት። ያቺን ሜዳ "ልጆቹ ይጫወቱባት፣ ሕዝቡም ይተንፍስ" ብለው ለአንድ እሁድ ፈቀዱ።

እኔ ታዲያ ምን አደረግሁ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

የቡድናችን አሰልጣኝ ደረጀ "ጋሼ፣ በዓምድዎ ላይ ስለ ጨዋታው ቅድመ ትንታኔ ይጻፉልን" አለኝ። ትንታኔ የሚለው ቃል ልቤን አሳበጠው። ቤቴ ቁጭ ብዬ እንዳልጽፍ ሃያ ሁለት ሰው በጭንቅላቴ ውስጥ ሊቆምልኝ አልቻለም፤ አሥራ አንዱን ሳሰልፍ ሌላው አሥራ አንድ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ሄጄ ላሰልፋቸው ወሰንኩ። ከአጥሬ የባሕር ዛፍ እንጨት ነቃቅዬ ጫፍ ጫፉን ጠረብኩት። ለሰበታ ቀይ ፌስታል፣ ለቡራዩ ነጭ ፌስታል አሰርኩበት። ገመድ ያዝኩ፣ መዶሻ ያዝኩ። ብርድ ስለነበር መንገድ ሥራ ላይ ያለው አማቼ ትቶት የሄደውን ብርቱካናማ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ ከላይ ደረብኩ።

አሁን እናንተ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም ነበር።

ሜዳው ላይ ደርሼ ቀዮቹን ችካሎች ከበረቱ ጎን፣ ነጮቹን ከትይዩ በረድፍ ቸከልኩ። የግራ ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ረድፉ ቀጥ ማለቱን የማየው አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አውራ ጣቴን ከፊቴ አቁሜ ነው። አንዷን ችካል አይቼ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ነቅዬ ትንሽ ወደ እርሻው አስጠጋኋት። ገመድ ዘረጋሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያውም አፏጭ ነበር መሰለኝ።

የኦቦ ለሜሳ ባለቤት አዴ ጫልቱ ከሜዳው ዳር ሣር ያጭዱ ነበር። እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ ሰደርያዬን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ሰላምታዬን ሳይመልሱ ሄዱ። ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከዳገቱ በኩል ሰው መምጣት ጀመረ። የእኔ ነገር፣ ትንታኔዬን ሊሰሙ የመጡ መስሎኝ ሰደርያዬን አስተካከልኩ።

ከፊት ኦቦ ለሜሳ ናቸው፣ ዱላቸውን ጨብጠዋል።

"ኩን ማሊ?" አሉ። ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው።

"አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ለሜሳ?" አልኩ። ሰላምታ ያድናል ብዬ።

"ማን ላከህ?"

ልብ በሉ፣ ጎረቤት ከሆንን ጀምሮ አንቱ ሲሉኝ የኖሩ ሰው ናቸው። ጥቂት ችካል ባቆም ከአንቱ ወደ አንተ ወረድኩ።

"ማንም አልላከኝም" አልኩ። "ይሄ እኮ ተከላካይ ነው። ቀዩ የሰበታ ነው።"

"ሰበታ እኔ መሬት ላይ ምን አለው? እነሱም እንደኛው መሬት የሚወሰድባቸው አይደሉም እንዴ?"

"እሁድ ብቻ ነው የሚቆሙት።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"ለዘጠና ደቂቃ።"

ከኋላ አንድ ሰው "ሊዙንም ሲነግሩን በዘጠና ነበር የጀመሩት" አለ። "መጨረሻው ዘጠና ዘጠኝ ዓመት ሆነ።"

አዴ ጫልቱ በረቱ አጠገብ ወዳለችው ችካል በጣታቸው እያመለከቱ "ይቺስ?" አሉኝ።

"እሷ የግራ መስመር ተከላካይ ናት" አልኩ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን የአበው ምክር ብሰማ ምን ነበረበት። "ዘመናዊ ተከላካይ ስለሆነ አንድ ቦታ አይቆምም። ወደ ፊት እየገፋ ይሄዳል።"

"እስከ የት ነው የሚገፋው?"

"እስከ… እስከ ጎተራው ድረስ።"

ሰዉ አጉረመረመ። ኦቦ ለሜሳ ግን አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ወደ ችካሉ ጎንበስ ብለው ፌስታሉን በጣታቸው ነካ አደረጉና "በዚህ ዕድሜዬ ችካል ሲተከል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ" አሉ። "የተከለው ሰው ተመልሶ ሲነቅል ግን አንድም ቀን አላየሁም። ሜዳውን ከልክያለሁ።" ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ። እኔ ደግሞ ልጡን ቀለም ቀብቼ፣ ገመድ አስሬ፣ እባብ ከነደፋቸው ሰዎች ፊት የጎተትኩ ሽማግሌ ነኝ።

ቤት ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ነበር። አስካለ ሰደርያውን ከላዬ ላይ እያወለቀች "ሁለቱም ቡድኖች ጎል ገብቶባቸው አያውቅም ስትል አልነበር?" አለችኝ። "ይኸው በሁለቱም ላይ በአንድ ቀን አገባህባቸው።"

ደረጀም መጣ። በሩ ላይ ቆመ፣ አልገባም። "ጋሼ፣ ትንታኔ አልንዎት እንጂ ሜዳውን አስነጥቁን አልንዎት?"

"አስረዳቸዋለሁ።"

"አይስቁ እንጂ። ሰሞኑን ልጆቹ ከቤት የሚወጡት ለልምምድ ብቻ ነው። እናቶቻቸው ልጄ የት ዋለ ብለው የማይሰጉት ያቺን ሰዓት ነው። እሱም ከቀረ ምን ብዬ እሰበስባቸዋለሁ?"

እየሳቅሁ አልነበረም። ፊቴ ግን ከድሮም ጀምሮ ስደነግጥ የሚስቅ ይመስላል።

በማግሥቱ ማለዳ ሁለት ጃርሳ፣ ሁለት የአገር ሽማግሌዎች ማለት ነው፣ ለምኜ ከፊት አስቀደምኩና ርጥብ ሣር በእጄ ይዤ ኦቦ ለሜሳ ደጅ ሄድኩ። እዚህ አገር ርጥብ ሣር ይዞ ደጅ የቆመን ሰው ሳይሰሙት አይመልሱትም። እኔ ታዲያ ለጥንቃቄ ብዬ ብዙ ሣር አጭጄ ኖሮ ላሚቱ ከበረት ወጥታ መጉረስ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ ስለ እርቅ ሲናገሩ እኔ ከላሚቱ ጋር ስጓተት፣ ኦቦ ለሜሳ ከቤት ወጥተው ትንሽ አዩንና "እሷ እንኳ ታርቃለች" አሉ። ሣሩን ተቀበሉኝ።

ፍርዱ ቀላል ነበር። ችካሎቹን በገዛ እጄ፣ ሰው ሁሉ እያየ እንድነቅል። ነጮቹ ሳያስቸግሩ ወጡልኝ። የሰበታው የግራ መስመር ተከላካይ ግን እንቢ አለ። በሁለት እጄ ይዤ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ ስጎትት፣ እሱ ድንገት ሲለቅ እኔ በጀርባዬ ተዘረርኩ። መጀመሪያ የሳቁት አዴ ጫልቱ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። በዚህ ሰሞን ብዙ ሰው ተሰብስቦ ሲስቅ መስማት እንግዳ ነገር ስለሆነ፣ ትንሽ እንዲቆይላቸው ብዬ ሳልነሳ ቆየሁ። ቆየሁ የምለው መነሳት ያቃተኝን ጊዜ ጭምር ነው።

ኦቦ ለሜሳ ግን አልሳቁም። በዱላቸው ጉድጓዶቹን እያሳዩ "እነሱንም ድፈን" አሉ። አፈር መለስኩበት፣ በእግሬም ረገጥሁት። እሳቸው ደግመው ረገጡት። ከዚያ ወደ ደረጀ ዞሩ። "እሁድ ይጫወቱ። መሬቴ ውስጥ ግን አንድ እንጨት አይገባም።"

"የጎሉ ቋሚስ አባባ?"

"ሰው ይዞት ይቁም።"

"ጨዋታው እስኪያልቅ?"

"ሰው ከሆነ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። እንጨት ከተተከለ ግን እዚያው ያድራል።"

ደረጀም አንገቱን ደፍቶ "እሺ አባባ" አለ።

እንግዲህ የእሁዱ ጨዋታ እንዲህ ነው። የማዕዘን ባንዲራ የለም፣ በየማዕዘኑ አንድ አንድ አዛውንት በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ለጎሉ ቋሚ የሚሆነውን እንጨት በእያንዳንዱ በኩል አንድ ሽማግሌ አቅፎ ይቆማል፤ እንጨቱ የሚያርፈው ድንጋይ ላይ ነው። አግዳሚው ገመድ ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ማን እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል? ኦቦ ለሜሳ ራሳቸው "ኦቦ ዘውዴ ይቁሙ" አሉ። እንጨት ስሆን አንቱታዬ ተመለሰልኝ። አስካለ ኳስ ቢመታህ ብላ ሁለት ጋቢ አዘጋጅታለች፣ አንዱ ለደረት አንዱ ለሆድ። ለጭንቅላቴ የሚሆን ብጠይቃት "እሱ ከድሮም ተመትቷል" አለችኝ።

ሰበታዎች በአየር ጤና በኩል ዞረው ይመጣሉ፣ መንገዱ ከተከፈተላቸው። ትንታኔዬ ይህ ነው፤ ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ያልቃል፣ በመለያ ምትም ይወሰናል። ግድቡ አይፈስም፣ አጥሩ አይዘለልም። ማን ያልፋል? ይህን ዓምድ ሰበታ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙና ወደ ሌላ ገጽ እለፉ።

ትናንት ለሙከራ ቆምን። በእኔ ትይዩ ያለውን ቋሚ የያዙት ኦቦ ለሜሳ ናቸው። እኔን ከቅርብ ለመጠበቅ መሆኑን አልደበቁኝም። ሜዳዋን፣ በረቱን፣ ዳገቱን አዩ።

"ኦቦ ዘውዴ።"

"አቤት ኦቦ ለሜሳ።"

"የዚህ ጎል ስፋት በሕግ የተወሰነ ነው?"

"በሕግ ነው። አይነካም።"

ወዲያ ወዲህ ተመለከቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መለያ ምት ላይ ከደረሰ፣ ሰበታ ሲመታ እኔና አንቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውስጥ ብንጠጋስ? የሽማግሌ እግር ነው፣ ይደክማል። የእኛ ልጆች ሲመቱ ደግሞ እንመለሳለን።"

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። የጣት ስፋት መሬት ተነካብኝ ብለው አገር ያስነሱብኝ ሰው እኮ ናቸው።

"ኦቦ ለሜሳ፣ ይሄ ድንበር መግፋት አይሆንም?"

እንጨታቸውን አንድ ጫማ ያህል ወደ እኔ አስጠጉና፣ በዚህ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አሉ።

"ይሁን" አሉ። "የምገፋው በገዛ መሬቴ ላይ ነው።"