ያልተማለበት ሰላጣ

ገበያ ያለ ጠርጣሪ አይሞላም። ጠርጣሪ ማለት ዋጋ ተከራካሪ አይደለም፤ በነጻ ብትሰጡት እንኳ «ለምን በነጻ?» የሚላችሁ ሰው ነው። በሐርጌሳ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር መርማሪ ዋርሳሜ ናቸው። ሰፈሩ በሱማሊኛ «አዴር»፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ሙሉ ነው፤ ሲጠረጥሩ ደግሞ ይብስበታል።

ከኢትዮጵያ የመጣችው ፋይዛ ከጓሮዋ የምትቆርጠውን ሰላጣ ይዛ መንገድ ዳር መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ አንድም ጠዋት አልማሯትም።

«ይሄ ምን በልቶ አደገ?»

«የዶሮ ኩስ፣ አዴር።»

«ዶሮዋስ መድኃኒት ወስዳለች?»

«ኧረ አልወሰደችም!»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ከዚያ በኋላ ብቻ ይገዛሉ። አንዴ ከሐብሐብ ሻጭ ጋር በዚሁ ሰበብ እስከ ቀትር አዛን ተሟግተዋል። ሻጮቹ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ ከኋላቸው ይስቃሉ። ፋይዛ ግን እሳቸውኑ ጠረጠረቻቸው፤ የማዘጋጃ ቤት ሰላይ ይሆኑ እንዴ?

ባለፈው ወር ዶሮዎቿ ታመሙ። ከፋርማሲ የሰው እንክብል ገዝታ በውሃ በጥብጣ አጠጣቻቸው፤ ዳኑ። ኩሱንም እንደ ልማዷ ሰላጣው መደብ ላይ በተነችው። ሰላጣው እንደዚያ አምሮ አያውቅም።

ገበያ ባወጣችው ቀን አዴር «ወላሂ በይ» አሏት። ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያ መደብ ነው፤ ገዢዎችም ቆመው እየሰሙ ነው። በአላህ ስም መዋሸት ግን አልሆነላትም።

«አልምልም፣ አዴር። አንቲባዮቲክ አጠጥቻቸዋለሁ።»

ይጮሁብኛል ስትል አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«መድኃኒቱ ከነኩሱ አፈር ይገባል» አሏት ቀስ ብለው። «አፈር ውስጥ ያሉት ጀርሞች ይለምዱታል፤ ከዚያ ወዲያ አይገድላቸውም። ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው። ባለቤቴ ናይማ፣ አላህ ይርሐማት፣ ቁስሏ አመርቅዞ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሰጧት፤ አንዱም አላዳናትም። ጀርሙ ከየት እንደመጣባት የሚነግረኝ አጣሁ። ይኸው ሁሉን እጠይቃለሁ።»

ፋይዛ ሰላጣውን ሰብስባ ጆንያ ውስጥ ከተተችው፤ የቀራት ከጅምላ ሻጭ የገዛችው አንድ ቁና ሽንኩርት ነበር። ገዢዎቹ አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ።

አዴር ዋርሳሜ ተነስተው በሱማሊኛ ጮኹ፦ «ወዴት ነው? ሽንኩርቱን ከዚህች ግዙ! ገበያው ሁሉ ሲምልልኝ ከርሟል፤ አልምልም ያለችኝ እሷ ብቻ ናት!»

ሽንኩርቱ እስኪያልቅላት ከጎኗ ንቅንቅ አላሉም። አሁን በሳቸው የሚስቅ ሻጭ ከተገኘ ፋይዛ አትታገሰውም። ሲያረፍዱ ደግሞ «ምን አግኝቷቸው ይሆን?» እያለች መንገድ መንገዱን ታያለች።