በአንድ ዓይን ሰማይ ይለካል!

በ2007 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያኔ የገባኝን ልንገራችሁ... መምህር የተከራየበት ግቢ ውስጥ ገመና አይደበቅም! ሌባ ይሻላል፤ ሌባ ያየውን ይዞ ይሄዳል እንጂ አያስተምርም።

እዚህ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር፣ ስኳርና ዘይት እሸጣለሁ። በፊተኛው ዓመት ታኅሣሥ ተኩስ ሲነሳ ልጆቼ ከአዲስ አበባ «ውጣ!» ቢሉኝ፣ «ሱቄን ጥዬ? ሞቼ እገኛለሁ!» አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ከሁለቱም እብሳለሁ። በመጨረሻ ባለቤቴ ዘሃራ አስማማችን፦ አንዲት ሕመም ከተገኘችብኝ አውሮፕላን ላይ እወጣለሁ። «እሺ!» አልኩ። ግራ ዓይኔን ሞራ እንደጋረደው ማን ያውቃል? አላህና እኔ ብቻ!

ጥር ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተከራያችን መምህር ዳንኤል የኮከብ ርቀት እንዴት እንደሚለካ ያስረዳኝ ጀመር። ማን ጠየቀው? ማንም!

«ጋሼ ከድር፣ አውራ ጣትዎን በዚያ በጎረቤት የውሃ ታንከር ትይዩ ያቁሙ። ግራ ዓይንዎን ጨፍነው ይዩ። አሁን እሱን ይግለጡና ቀኙን ይጨፍኑ። ጣትዎ ዘለለ?»

ቀኙን ብጨፍን... ጣቱም፣ ታንከሩም፣ ሙኑኪም ጠፉ!

«ዘለለ!» አልኩ።

«ወዴት?»

«ወደ ላይ!»

ምስር ትለቅም የነበረችው ዘሃራ ቀና አለች። መጥታ ቀኝ ዓይኔን በመዳፏ ከደነችና «ምን ይዣለሁ?» አለችኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «ጭልፋ!» አልኩ።

«ነጠላ ጫማዬ ነው! ለካስ ዘይቱን መሬት የምታጠጣው በዚህ ዓይንህ ኖሯል! ኸላስ፣ አበቃ፣ ዛሬውኑ ለልጆቹ እደውላለሁ!»

መምህሩ ደነገጠ። መምህር ሲደነግጥ ደግሞ ምን ያደርጋል? ያስተምራል!

«ለነገሩ እትዬ፣ ምድርም እንደ አንድ ዓይና ናት። ስለዚህ ፀሐይን ትዞርና፣ ዛሬ ያየችውን ኮከብ ከስድስት ወር በኋላ ከወዲያ ማዶ ሆና ታየዋለች። ከኋላው ካሉት ኮከቦች አንጻር ብዙ የዘለለው ቅርብ ነው፤ ትንሽ የዘለለው ሩቅ።»

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ሰማሽ? ምድር በአንድ ዓይኗ ሰማይ ለካች! እኔ ስኳር ያቅተኛል?»

«ምድር ሱቅ የላትም!»

«ቁም ነገሩ ቦታ ቀይሮ ማየቱ ነው! ከሱቁ በር እስከ ታንከሩ ያለውን ርቀት ልክ እንደ ምድር አድርጌ ልለካልሽ። ከተሳሳትኩ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ ለካ። ለክተህ እስክትጨርስ አልደውልም፣ ወላሂ!» አለች። መምህሩ ምስክር ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ፊት ችካል መትቼ፣ ችካሉ ላይ ቆሜ ታንከሩ ላይ አፈጠጥኩ። አንድ ቦዳቦዳ ነጂ ሞተሩን አቁሞ «ያ ሃጅ፣ ፊ ሹኑ?» አለኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው። ዘሃራ ስልኳን ጨብጣ ቆማለች።

«እህስ? ስንት ሆነ?»

«ምን ያጣድፍሻል!» አልኳት። «ይሄ የጥር ነው፤ ሁለተኛውን ሐምሌ ላይ አየዋለሁ!»